ረጃጅም ቃላትን ማስነበብና ማስጻፍ፦ የአማርኛ መምህራንን ለሚያሠለጥኑ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የፊደል ገበታውን ጨርሶ «በላ»፣ «ላም»፣ «ቤት» ብሎ ሳይቸገር የሚያነብ የሁለተኛ ክፍል ልጅ «አልተመለሰችም» ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስምንቱን ፊደላት አንድ በአንድ ይጠራል፤ «ም» ላይ ሲደርስ «አል» ከአእምሮው ወጥቷል። ፊደሎቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቃሉን የት የት ላይ ቆርጦ እንደሚይዘው ግን ያሳየው የለም። መምህሩም ብዙ ጊዜ ቃሉን ራሱ አንብቦ ክፍሉን ያስደግማል። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲደግም ለጆሮ ደስ ይላል፤ ማን እንዳነበበና ማን ሰምቶ እንደደገመ ግን አይለይም።

መመሪያው ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩ መምህራንን ለሚያሠለጥኑ ሰዎች ነው፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ የጉድኝት ማዕከል (የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር፣ ወይም በትምህርት ቤቱ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያን የሚያስተባብር መምህር ሊሠራበት ይችላል። ሁለት ቀን ሥልጠናና ስድስት ሳምንት ክትትል ይፈልጋል።

የአማርኛ ቃል የሚረዝመው በአብዛኛው ቅጥያ (ከቃሉ ፊት ወይም ኋላ የሚጣበቅ ቁራጭ) ስለሚደራረብበት ነው። ስለዚህ መምህሩ ረጅም ቃልን ከመገጣጠሚያው ላይ መቁረጥን መጀመሪያ ራሱ ይልመድ፤ ልጆቹን ማስለመድ ቀጥሎ ይመጣል። ምዕላድ፣ ባዕድ መነሻ፣ ባዕድ መድረሻ የሚሉትን ስያሜዎች መምህራኑ ከኮሌጅ ያውቋቸዋል። በእነዚህ ላይ ግማሽ ቀን ገለጻ ማድረግ ሥልጠናውን ይገድለዋል፤ መምህር ወደ ክፍሉ ይዞ የሚገባው የተነገረውን ሳይሆን ሲሠራ ያየውን ነውና። ለልጆች «ቁራጭ» የሚለው ቃል ይበቃል።

ከሥልጠናው በፊት

ተሳታፊዎች ከ20 እስከ 24፣ አሠልጣኞች ሁለት ይሁኑ። ከዚያ በላይ ሲሆን እያንዳንዱ መምህር ሲያስተምር ቀርቦ ማየት አይቻልም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ይያዛል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አራቱ መምህራኑ በእጃቸው የሚሠሩበትና በየተራ የሚያስተምሩበት ነው።

ለሁለት ሁለት ሰው የሚያስፈልገው፦ 30 የቃል ካርድ፣ 20 ያህል ባዶ ትናንሽ ካርድ፣ መቀስ፣ ማርከርና የክፍሉ የተማሪ መጽሐፍ። ማኒላ ከሌለ የዘይት ወይም የሳሙና ካርቶን ተቆርጦ ይሠራል። የቃል ካርዱ ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ፊደሎቹ በእኩል ክፍተት ይጻፉ፤ ካልሆነ በኋላ የሚነገረው ተደራቢ ካርድ አይገጥምም።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ግን የልጆች ደብተር ነው። ከሥልጠናው አንድ ሳምንት በፊት እያንዳንዱ መምህር ለክፍሉ የሚከተሉትን አሥር ቃላት በቃለ ጽሕፈት ያጽፍና የአሥር ልጆችን ወረቀት ስማቸውን ሸፍኖ ይዞ ይምጣ፦ ትምህርት፣ ቤታችን፣ ጓደኞቼ፣ አልመጣችም፣ ስለማይመጡ፣ ልጆቻችንን፣ ቋንቋ፣ እየተጫወቱ፣ ከአባቴ፣ ሠርቷል። ቃላቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው የአንዱን ክፍል ስሕተት ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ይረዳል። አሥሩን ሰው ሲመርጡ ጎበዞቹን ብቻ እንዳያመጡ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከየረድፉ ሁለት ሁለት ቢወሰድ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቀን

ሀ. መምህሩን ለማጅ ማድረግ (30 ደቂቃ)

መምህሩ ለዓመታት ሲያነብ ስለኖረ ረጅም ቃል ምን እንደሚያደርግ ረስቶታል። ስለዚህ ምንም ገለጻ ሳያደርጉ አምስት ረጃጅም ቃላትን ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጠው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ «ምችሰለመተልአ»፣ «ንሩምተስያሚደንእ»። የመጀመሪያው ፊደል በስተቀኝ እንዳለ ይንገሩና አንድ መምህር ተነሥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ፊደል እየጠራ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይገምታል። ሌላው ሰው አይርዳው።

ሁለት ሦስት ሰው ከሞከረ በኋላ እነዚህን ብቻ ይጠይቁ፦ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ምን ሆኑባችሁ? ቃሉን ያገኛችሁት ምን ይዛችሁ ነው? አብዛኛው ሰው «አል» ወይም «እንደ» የምትለውን ቁራጭ ሲያይ ቀሪው እንደመጣለት ይናገራል። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው። ውድድር አያድርጉት፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ከተጨበጨበለት የተቸገረው መምህር ምን እንዳስቸገረው መናገሩን ይተዋል።

ለ. ሦስት ዓይነት ረጅም ቃል (90 ደቂቃ)

ሠላሳዎቹ ካርዶች በሦስት ክምር ይለዩ። የየክምሩ አቆራረጥ ይለያያል።

አንደኛው ክምር ቅጥያ የሌለባቸው ናቸው፦ ደብተር፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት፣ እንቁላል። እነዚህ የሚቆረጡት በድምፅ ነው፦ ደብ–ተር፣ ሆስ–ፒ–ታል፣ ትም–ህርት። እዚህ ላይ መምህራን የሚሳሳቱት የፊደሉን ቁጥር የክፍለ ቃሉ (በአንድ ጭብጨባ የሚባለው ድምፅ) ቁጥር አድርገው ሲወስዱ ነው። «ትምህርት» አምስት ፊደል፣ ሁለት ክፍለ ቃል ነው። «ብርድ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ በአንድ ጭብጨባ ያልቃል። ምክንያቱ ሳድስ (እንደ «ት»፣ «ም» ያለው የፊደል ስድስተኛው ቤት) ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ባዶውን ከፊተኛው ፊደል ጋር ይጣበቃል፤ ጽሕፈቱ ይህን አያሳይም። ፊደል ሲጠራ «ት… ም… ህ… ር… ት…» እያለ እያንዳንዱን እያስረዘመ የለመደ ልጅ ቃሉን አይሰማውም። መምህሩ ሳድስን አሳጥሮ ከጎረቤቱ ጋር አያይዞ መጥራትን ያስለምድ፤ ልጁ በሚናገርበት ቋንቋ የሚያውቀው ቃል እስኪመጣለት ደግሞ ይሞክር። ለዚህ ልጅ የሚገባው ቀላል ሕግ የለም፤ መምህራን እንዲፈልጉለት አይገፋፏቸው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። የሚጠብቅ ድምፅ ለሁለት ክፍለ ቃል ይካፈላል፦ በ«ተመለሰ» ውስጥ «ለ» ስለሚጠብቅ ግማሹ ለ«መ»፣ ግማሹ ለራሱ ይሆናል። ስለዚህ ቃልን በክፍለ ቃል በመቀስ እንቆርጣለን የሚል ሰው ፊደል መሐል ይቆማል። በክፍለ ቃል መቁረጥ በአፍና በጭብጨባ እንጂ በወረቀት አይሠራም።

ሁለተኛው ክምር መገጣጠሚያቸው ከፊደል እና ከፊደል መካከል የሚውል ነው፦ አል–ተመለሰ–ች–ም፣ እየ–ተጫወቱ፣ ስለ–ማይ–መጡ፣ እንደ–ሚ–ያስተምሩ–ን። እነዚህ በመቀስ ይቆረጣሉ። «ማይ» ራሱ የሁለት ነገር ጥምር ነው የሚል መምህር አይጠፋም፤ ትክክል ነው፣ ግን ለልጆች «ማይ» አንድ ቁራጭ ሆኖ ቢማሩት ይበቃል። ሥልጠናው ወደ ሰዋስው ክርክር እንዳይሄድ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ።

ሦስተኛው ክምር መገጣጠሚያው ፊደሉ ውስጥ የተደበቀበት ነው፤ የዘጠናው ደቂቃ ግማሽ ለዚህ ቢሰጥ አይበዛም። «ቤታቸው» የ«ቤት» እና የ«አቸው» ድምር ነው፤ የ«ት» ሳድስነትና የ«አ» ድምፅ ተገናኝተው ራብዕ «ታ» ሆነዋል። በመቀስ የሚቆረጥ ቦታ የለም። የሚከተሉትን አንድ በታች አንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦

ቤት + ኡ → ቤቱ (ካዕብ)
ቤት + አችን → ቤታችን (ራብዕ)
ቤት + ኤ → ቤቴ (ሐምስ)
ቤት + ኦች → ቤቶች (ሳብዕ)

ልጁ በገበታ የሸመደዳት «ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ» እዚህ ሥራ ታገኛለች፤ ሳድሱ ቅጥያውን ሲቀበል በገበታው ላይ ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። ቃሉ በሳድስ ካላለቀ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ተማሪ + ኦች → ተማሪዎች፣ በሬ + ኡ → በሬው፣ ጓደኛ + ኦች → ጓደኞች። የመጨረሻው ሁለቱን አናባቢዎች አንድ አድርጎ «ኛ»ን ወደ «ኞ» ስለቀየረ በጣም ያስቸግራል፤ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ማሳያው ተደራቢ ካርድ ነው። «ልጅ» በአንድ ካርድ፣ «ኦች» በሌላ፣ «አችን» በሦስተኛው ይጻፋል። በትናንሽ ካርዶች «ጆ» እና «ቻ» ይዘጋጃሉ። «ልጅ» እና «ኦች» ጎን ለጎን ይደረጉና «ጆ» የሚለው ካርድ «ጅ» እና «ኦ» ላይ ይደረባል፤ «ልጆች» ይነበባል። ቀጥሎ «አችን» ይመጣል፤ «ቻ» ደግሞ «ች» እና «አ» ላይ ይደረባል፤ «ልጆቻችን»። ተደራቢውን እያነሡ እያስቀመጡ ማሳየት ነው ቁም ነገሩ፤ ከሥር ያለው ቃል እንዳልጠፋ ልጁ በዓይኑ ያየዋል።

መምህራኑ ሲቆርጡ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚታየው ስሕተት «ከጓደኞቻቸው»ን «ከ–ጓደኞ–ቻቸው» ማለት ነው። አይገሥጿቸው፤ «ጓደኞ የሚባል ቃል ታውቃላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ሐ. የሐሰት መገጣጠሚያ (30 ደቂቃ)

ልጆች ቁራጭ መፈለግ ሲለምዱ ያለ ቦታው መቁረጥ ይጀምራሉ። «በሬ» ላይ «በ»ን፣ «ከበሮ» ላይ «ከ»ን፣ «የዋህ» ላይ «የ»ን፣ «አልጋ» ላይ «አል»ን ይቆርጣሉ። መፈተኛው አንድ ነው፦ ቁራጩን ስታነሣው የቀረው የምታውቀው ቃል ነው? «ሬ»፣ «በሮ»፣ «ዋህ»፣ «ጋ» ልጁ ለብቻቸው የሚናገራቸው ቃላት አይደሉም፤ ስለዚህ አልተቆረጠም። መምህራኑ ከተማሪ መጽሐፋቸው እንዲህ ያሉ አሥር ቃላት ፈልገው ይጻፉ። ይህን ክፍል መዝለል አይገባም። ስልቱን ለልጆች አስተምረው «ከበሮ»ን ለሦስት የቆረጠ ልጅ ሲገጥማቸው «ይህ ነገር አይሠራም» ብለው የሚተዉት መምህራን አሉና።

መ. የማንበብ ሥርዓቱ (ቀሪው ከሰዓት በኋላ)

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 20 ደቂቃ፣ በቀን አምስት ቃል፤ ከዚያ አይበልጥም። አሠልጣኙ አንድ ጊዜ ሙሉውን ሠርቶ ያሳያል፤ መምህራኑ «እኔ ልሥራ፣ አብረን እንሥራ፣ እናንተ ሥሩ» የሚለውን ቅደም ተከተል ከመምህሩ መምሪያ ስለሚያውቁት በዚያው ይገባሉ።

1. በጆሮ (3 ደቂቃ)። ምንም ሳይጻፍ መምህሯ «መጣች» ትላለች፤ ልጆቹ «አልመጣችም»። «በላች» — «አልበላችም»። «ሄደች» — «አልሄደችም»። ቁራጩ በጆሮ ካልተያዘ በዓይን አይታይም።

2. ቃሉ፣ ለምሳሌ «አልተመለሰችም»፣ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ለአምስት ሰከንድ ያህል ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። መምህሯ ቃሉን አታነብም። ለመምህራን ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ አፋቸው ያመልጣቸዋል። በልምምዱ ጊዜ ቀድሞ ያነበበ መምህር ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይደረግ።

3. ፊትና ኋላውን መሸፈን። ልጆቹ የሚያውቁትን ቁራጭ ይጠቁማሉ፤ መምህሯ በእጇ ወይም በካርድ ትሸፍነዋለች። መሐል ላይ የቀረውን ቃል ያነባሉ፦ ተመለሰ።

4. መመለስ። መጀመሪያ የኋላው ቁራጭ፣ ቀጥሎ የፊቱ፦ ተመለሰ፣ ተመለሰች፣ አልተመለሰችም። በሌላው ቃል፦ ጓደኛ፣ ጓደኞች፣ ጓደኞቻቸው፣ ከጓደኞቻቸው። እያንዳንዱ መካከለኛ ቃል ትርጉም ያለው መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከፊደል ወደ ፊደል የሚሄደው ንባብ ይህ የለውም። ግሦች ላይ መሐሉ ለብቻው የማይቆምበት ጊዜ አለ፤ በ«ሳይነግራት» ላይ «ሳይ» ተሸፍኖ «ነግራት» ቢቀር ልጁ ይደናገራል። እንዲህ ሲሆን «ይ» ከግሡ ጋር ትቆይ፦ ይነግራት፣ ሳይነግራት። ይህን ለአራተኛ ክፍል ቢያቆዩት ጥሩ ነው።

5. በንግግር ፍጥነት፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ። ጥብቀት በጽሕፈት ስለማይታይ የሚፈታው ከዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። በ«ኳሱን ይመታል» እና በ«ኳሱ ይመታል» ውስጥ «ይመታል» አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት ይነበባል። አጫጭሮቹ ገና፣ ዋና፣ አለ፣ ሰፊ ለመነሻ ልምምድ ያገለግላሉ። ልጁ አላልቶ ካነበበ «ተሳስተሃል» ከማለት ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ ራሱ እንዲያጣራ ማድረግ ይቀላል።

6. መለወጥ። መምህሯ ካነበቡት ላይ አንድ ቁራጭ ትቀይራለች፤ አልተመለሰችም ወደ አልተመለሱም፣ ከጓደኞቻቸው ወደ ለጓደኞቻችን። ሰምቶ የሚደግም ልጅ የሚለየው እዚህ ነው፤ በጋራ ሳይሆን በተናጠል ይጠየቅ፤ በየቀኑ ስምንት ያህል ልጅ ቢዳረስ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሸፈናል።

ልምምዱ በአራት በአራት ሰው ነው፦ አንዱ ያስተምራል፣ ሁለቱ ተማሪ ይሆናሉ፣ አንዱ ይመለከታል። 8 ደቂቃ ትምህርት፣ 4 ደቂቃ አስተያየት፣ ከዚያ ተራ መቀያየር። ተማሪ የሆኑት መምህራን እንደ ልጅ መሳሳት እንዳለባቸው ይነገራቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ገምቶ የሚያነብ፣ ሌላው ፊደል በፊደል የሚጎተት ይሁን። ተመልካቹ የሚጽፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መምህሩ ቃሉን ቀድሞ አንብቧል ወይስ አላነበበም? ልጁ ሲሳሳት መልሱን ነገረው ወይስ ቁራጩን አሳየው?

ሁለተኛው ቀን

ሀ. የማስጻፍ ሥርዓቱ (2 ሰዓት)

ቃለ ጽሕፈት በብዙ ክፍሎች ፈተና ሆኖ ኖሯል፤ መምህር ቃል ይጠራል፣ ልጅ ይጽፋል፣ ከአሥር ይታረማል። በዚህ መንገድ የማይችለው ልጅ አለመቻሉን በየሳምንቱ ከማየት በቀር የሚያገኘው የለም። ቃለ ጽሕፈቱ ራሱ ትምህርት እንዲሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

መምህሩ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ «ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ላክናቸው።» ልጆች ቃሉን ይደግማሉ። በጣት ይቆርጡታል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጣት፦ ልጅ፣ ኦች፣ አችን፣ ን። በደብተራቸው ላይ እንደ ጣቱ ብዛት አራት ሰረዝ ያሰምራሉ፤ በየሰረዙ ላይ ቁራጩን ይጽፋሉ። ከዚያ ከሥሩ ያለ ክፍተት አጋጥመው ይጽፉታል፦ ልጆቻችንን። በመጨረሻ የጻፉትን በጣታቸው እየጠቆሙ ያነባሉ። መምህሩ ትክክለኛውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ልጁ ራሱ ያርማል፤ የተሳሳተው ፊደል ብቻ ይከበባል፣ ቃሉ በሙሉ አይሰረዝም። ለአምስት ቃል ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

ሰረዙ መጀመሪያ ላይ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይቀራል፤ ልጁ በጣቱ ብቻ ይቆርጣል። ቶሎ የሚያስቀር መምህር ግን ደካሞቹን ያጣል።

ለ. ደብተር ማንበብ (2 ሰዓት ተኩል)

አሁን መምህራኑ ያመጡትን ወረቀት ያወጣሉ። ሥራው ስሕተትን መቁጠር አይደለም፤ በዓይነት መለየት ነው። በሰሌዳው ላይ ስድስት ዓምድ ይሠራ።

የተዘለለ ፊደል። «ትምህርት» «ትምርት» ሆኖ ይመጣል፤ «ህ» በንግግር ስለምትዋጥ ልጁ የሰማውን ነው የጻፈው። «ልጆቻችንን» ደግሞ አንድ «ን» ያጣል። ለመጀመሪያው ቃሉን በዝግታ አጉልቶ መጥራት ይረዳል፤ ለሁለተኛው ግን አጠራር አይበቃም። «ልጆቻችን መጡ» እና «ልጆቻችንን አየን» ጎን ለጎን ተጽፈው ተጨማሪዋ «ን» ምን እንደምትሠራ መታየት አለባት።

የተሳሳተ ቤት። «ቤትችን»፣ «ጓደኛቼ»። ልጁ ቁራጮቹን ያውቃል፤ ሳድሱ የሚዛወርበትን ቤት ግን አልያዘም። ወደ ተደራቢ ካርዱ ይመለስ።

የተደገመ ፊደል። «ቤታችችን»። ጥብቀቱን ሰምቶ ሁለቴ የጻፈ ልጅ ጆሮው ጥሩ ነው። አማርኛ የሚጠብቀውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጽፍ ይነገረው፤ ብዙ ጊዜ አንዴ መንገሩ ይበቃል።

ዲቃላ ፊደል (እንደ «ቋ»፣ «ቷ» ያለው)። «ቋንቋ» «ቁዋንቁዋ» ይሆናል፤ «ሠርቷል» ደግሞ «ሠርቶዋል»፣ «ሠርቶአል»፣ «ሠርትዋል» እየተባለ ይጻፋል። የመጨረሻው የተደበቀ መገጣጠሚያ ነው፦ ሠርቶ + አል → ሠርቷል። ከጎኑ ሠርተው + አል → ሠርተዋል ሲጻፍ ልጁ «ቷ» የአንድ ሰው፣ «ተዋ» የብዙ መሆኑን ያያል። በልቷል፣ በልተዋል፤ መጥቷል፣ መጥተዋል እያሉ አምስት ጥንድ ይሥሩ።

የተዋጠ መነሻ። «ከአባቴ» «ካባቴ»፣ «የአባቴ» «ያባቴ» ይሆናል። ሁለቱም በጽሑፍ ያጋጥማሉ። ለጀማሪ ግን ቁራጩ ተለይቶ የሚታይበት «ከአባቴ» ይመረጥ፤ የትምህርት ቤቱ መምህራን በዚህ ላይ ተስማምተው ይውጡ። የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት የተቀበለችውን የሦስተኛ ክፍሉ በቀይ ሲሰርዝ ልጁ ጽሕፈት ዕድል ነው ብሎ ያስባል።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ይህ ዓምድ ለብቻው ይቆጠር፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ቃሉን በደንብ ቆርጦ የጻፈ ልጅ ደካማ ሆኖ ይታያል። «ሠርቷል» በ«ሰ» ቢጻፍ አቆራረጡ ትክክል ነው። የተማሪው መጽሐፍ የሚጽፍበትን መንገድ መከተልና ፊደሉን በስሙ መጥራት በቂ ነው፦ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። መምህራን በሥልጠና ላይ ስለ «ትክክለኛው ሀ» መከራከር ይወዳሉ፤ አሥር ደቂቃ ይፍቀዱና ይዝጉት።

ዓምዶቹ ሲሞሉ እያንዳንዱ መምህር በክፍሉ የበዛበትን አንድ ዓይነት ይመርጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትምህርት በዚያ ላይ ይሆናል።

ሐ. የቁራጮቹ ቅደም ተከተል (1 ሰዓት)

በሳምንት ሁለት አዲስ ቁራጭ ይበቃል። በስም ቢጀመር ይሻላል፦ መጀመሪያ ከ፣ በ፣ ለ፣ የ (በፊደልና በፊደል መካከል ስለሚቆረጡ)፤ ቀጥሎ «ኦች»፤ ቀጥሎ ኤ፣ ህ፣ አችን፣ አቸው፤ መጨረሻ ላይ የተሳቢው «ን»። ከዚያ ወደ ግሥ፦ «አል…ም»፣ እየ፣ ሚ፣ ማይ፣ ስለ፣ እንደ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «አልመጣችም» ብሎ የለመደ ልጅ «ስለ» ሲጨመርበት «ስላልመጣችም» ብሎ ይጽፋል፤ «ስለ» ሲገባ «ም» እንደምትወድቅ ካልታየ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉ፦ አልመጣችም፣ ስላልመጣች። አያስተምርም፣ ስለማያስተምር። የሚደጋገሙት ቅርጾች ትልልቅ፣ ረጃጅም፣ ስብርብር አንድ ቀን ብቻ ይፈልጋሉ፤ ልጆች የተደገመውን ፊደል ስለሚውጡት ነው።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ተማሪዎች ባሉበት፣ በውጭ አገርም ቅዳሜና እሑድ በሚሰጡ የአማርኛ ትምህርቶች፣ የጆሮው ደረጃ ከ3 ወደ 10 ደቂቃ ይደግ። እዚያ ያለው ልጅ «ስለማይመጡ»ን ቆርጦ ቢያነብም ምን ማለት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ፊትና ኋላውን ሸፍኖ ሲያነብ የሚያውቀው ቃል ብቅ አይልለትም። ለእሱ ቁራጩ መጀመሪያ በንግግር፣ በድርጊትና በሥዕል ይገባ፤ ጽሑፉ በሌላ ቀን ይከተል።

በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ለመምህራኑ አሥር ያልታዩ ቃላት ይሰጡና ቁራጮቹን በመደመር ምልክት ጽፈው ያሳዩ። ለአራሚው ምሳሌ፦ በየቤታቸው፣ በየ + ቤት + አቸው፤ ስላልመጣች፣ ስለ + አል + መጣ + ች፤ ከጓደኞቻቸው፣ ከ + ጓደኛ + ኦች + አቸው። ከስምንት በታች ያገኘ መምህር በክትትሉ ጊዜ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ውጤቱ በአደባባይ አይነበብ።

የስድስት ሳምንት ክትትል

ሥልጠናው ከክፍል ምልከታ ጋር ካልተያያዘ ካርዶቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራሉ። ሱፐርቫይዘሩ ወይም ርእሰ መምህሩ እያንዳንዱን መምህር በ2ኛውና በ5ኛው ሳምንት ለ20 ደቂቃ ይመልከት። በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት በጉድኝት ማዕከሉ የ90 ደቂቃ ስብሰባ ይደረግ፤ መግቢያ ወረቀቱ አምስት የልጆች ደብተር ነው፤ ደብተር ሳይዝ የመጣ መምህር ሪፖርት ብቻ ነው የሚያቀርበው፣ በሪፖርት ደግሞ ሁሉም ክፍል ደኅና ነው።

ልጆቹን ለመመዘን ከመጽሐፉ ያልተወሰዱ፣ ግን ከተማሯቸው ቁራጮች የተሠሩ 20 ረጃጅም ቃላት ይዘጋጁ። ከየክፍሉ አሥር ልጅ በዕጣ ተመርጦ ለብቻው ያንብብ። ለእያንዳንዱ ቃል ከአራት አንዱ ይጻፋል፦ ወዲያው አነበበ፣ ቆርጦ አነበበ፣ ገምቶ ሳተ፣ ዘለለ። «ቆርጦ አነበበ» የሚለው በ2ኛው ሳምንት ቢበዛ ጥሩ ምልክት ነው፤ በ6ኛውም ያው ከሆነ ግን ልጆቹ በቂ ንባብ አልተለማመዱም ማለት ነው፤ አዲስ ቁራጭ መጨመር ቆሞ የተማሩት የሚበዛበት አጭር ምንባብ በየቀኑ ይነበብ። በደቂቃ የሚነበብ ቃል መቁጠር የሚፈልግ ካለ የእንግሊዝኛን መለኪያ ይዞ አይምጣ፤ እንግሊዝኛ በአራትና በአምስት ቃል የሚለውን «ስለማይመጡ» በአንድ ቃል ስለሚጨርሰው ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም።

«ገምቶ ሳተ» የበዛበት ክፍል ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው መምህሩ ቃሉን ቀድሞ ማንበቡን አለመተዉ ነው። ምክር ከመስጠት ይልቅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ሁለት ቃል ያስተምር፤ መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ የስምንት ልጆችን ንባብ ይመዝግብ። «ዘለለ» ከበዛ ግን ወደ ፊደል መመለስ ያስፈልጋል፤ 20 ፊደላት ከገበታው ቅደም ተከተል ውጭ ተቀላቅለው ይጠየቁ፣ 18ቱን ሳያመነታ ያልጠራ ልጅ ለረጅም ቃል አልደረሰም። እንዲህ ያሉት በየቀኑ 10 ደቂቃ ለብቻቸው ፊደል እየለዩ ይቆዩና በጆሮው ደረጃ ላይ ብቻ ከክፍሉ ጋር ይሳተፉ።